ከዝናብ መለኪያ እስከ ትምህርት ክፍል፦ የአየር ጠባይ ሳይንስ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት

በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ፣ ከሲኒማ ራስ አካባቢ አንሥቶ እስከ እህል በረንዳ በተዘረጋው የገበያ ሥፍራ የዝናብ ወሬና የጤፍ ዋጋ ወሬ ተለያይተው አያውቁም። ከገጠር የሚመጣው ነጋዴ ክረምቱ በጊዜው መግባቱን ወይም መዘግየቱን ይናገራል፤ ሰሚውም ጆንያ ከመሸጡ በፊት ያስብበታል። ገበያ ይህን ዜና የሚመዝንበት የራሱ ሚዛን አለው፤ እርሱም ዋጋ ነው። ይሁን እንጂ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ነገሩ ከደረሰ በኋላ ነው። ዝናቡ ከመቅረቱ በፊት ሊቀር እንደሚችል ለመናገር የሚያበቃ ዕውቀት ከሌላ ሥፍራ፣ ማለትም ከመለኪያ፣ ከመዝገብና ከትምህርት ቤት መምጣት ነበረበት። ይህ ዕውቀት በኢትዮጵያ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ በማን እጅ እንደ ቆየና ለወጣቱ ተማሪ በሩ መቼ እንደ ተከፈተለት መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በአገሪቱ ላይ የወረደው ረኀብ፣ ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ የሰየመው፣ የከብት በሽታና የዝናብ እጦት ተደራርበው ያመጡት ጥፋት ነበር። በዚያ ዘመን ግን በኢትዮጵያ ደጋ የዝናቡን መጠን ለክቶ በመዝገብ ያኖረ ሰው አልነበረም። የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች የእነዚያን ዓመታት ክረምት ለመገመት የሚገደዱት በግብፅ ተለክቶ ከተመዘገበው የአባይ ውሃ በመነሣት ነው። ስለ ኢትዮጵያ ዝናብ ከኢትዮጵያ ይልቅ ግብፅ መስክራለች ማለት ነው። ይህ ያለ ምክንያት አልሆነም። የአባይ ሙላት የኢትዮጵያ ክረምት ልጅ መሆኑ በታወቀ ጊዜ ጉዳዩ በይበልጥ ያሳሰባቸው በታችኛው ተፋሰስ ያሉት ነበሩ፤ በግብፅ መንግሥት አገልግሎት የነበረው እንግሊዛዊው ሄንሪ ላየንስ እ.ኤ.አ. በ1906 ስለ አባይና ስለ ተፋሰሱ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ግንኙነት በሰፊው አትቷል።

በአዲስ አበባ የዝናብ ልኬት የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ምዕት ዓመት ማለቂያ ላይ ነው። ልኬቱን የያዙት በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ስለ ነበሩ የመዝገቡ ዕድል የተመካው በመዝጋቢው የመቆያ ጊዜ ላይ ነበር፤ ሰውየው ሲሄድ መስመሩ ይቋረጣል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ወደ ዛሬው መርካቶ ያዛወረው ያው አስተዳደር በልዩ ልዩ ክፍለ አገሮች የአየር ጠባይ ጣቢያዎችን ተክሏል። ከዚያ የተገኘውን ልኬት አሚልካሬ ፋንቶሊ የተባለው ጣሊያናዊ የአየር ንብረት ሊቅ ሰብስቦ ስለ ኢትዮጵያ የአየር ንብረት የጻፈውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1965 በሮም አሳትሟል። መጽሐፉ ዛሬም ይጠቀሳል። ነገር ግን ለዚህ ሁሉ ልኬት የአገሩ ልጅ መሣሪያውን አንባቢ ሆኖ አገልግሎ ሊሆን ይችል ይሆናል እንጂ የልኬቱን ትርጓሜ ተምሮ አልነበረም።

ከነፃነት በኋላ የአየር ጠባይ ሥራ መንግሥታዊ መልክ ይዞ የተመለሰው በአውሮፕላን ምክንያት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ሲጀምር የነፋስን ኃይል፣ የደመናን ከፍታና የእይታን ርቀት በየሰዓቱ የሚነግረው ሰው አስፈለገው። ስለዚህ በ1940ዎቹ ዓ.ም. በሲቪል አቪዬሽን ሥር የሚቲዎሮሎጂ ክፍል ተቋቋመ። እዚህ ላይ ጥቂት ማሰብ ይገባል። አብራሪ የሚፈልገው የሚቀጥሉትን ጥቂት ሰዓታት ነው፤ ገበሬ የሚፈልገው የሚቀጥሉትን አራት ወራት ነው። አንዱ ስለ አንድ ሜዳ ይጠይቃል፣ ሌላው ስለ አንድ ወረዳ እርሻ። ተቋሙ በአውሮፕላን ማረፊያ ስለ ተወለደ የሠልጣኞቹም ትምህርት የማረፊያውን ፍላጎት ተከተለ፤ ሥልጠናው ተመልካችን፣ መሣሪያ አንባቢንና የአጭር ጊዜ ተንባይን የሚያወጣ ሆነ። ይህ ስሕተት ነበር ለማለት አይቻልም፤ አውሮፕላኑ ሰው ጭኖ ይበር ነበርና። ነገር ግን ለገበሬው የሚሆነው ጥያቄ ባለቤት ሳያገኝ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆየ።

በዚያው ዘመን ዩኒቨርሲቲው ምን ይሠራ ነበር? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ በሉሲየን ማት መሪነት በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ። ሰባት ዓመት ሳይሞላው ከዓለም ሳይንስ ጋር የሚያገናኘው አንድ ታላቅ አጋጣሚ መጣ። ከሰኔ 1949 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ከ60 በላይ አገሮች የተካፈሉበት ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ታወጀ። ኮሌጁ በዚህ ሥራ ለመግባት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን አቋቋመ፤ ከጅምሩ አንሥቶ እስከ 1970 ዓ.ም. ድረስ የመሩትም ሌላው ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ፒየር ጉዌን ነበሩ።

አዲስ አበባ ለዚህ ሥራ የተመረጠችው ስለ ውበቷ ወይም ስለ ዝናቧ አይደለም። ከተማዋ የምትገኘው በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ በመሆኑ ነው። በዚህ መስመር ላይ፣ ከምድር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ፀሐይ በላይኛው አየር ውስጥ ያሉትን ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ ስትሞላ ጅረቱ ይበረታል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይደክማል። በምድር ላይ ያለ የመግነጢስ መመዝገቢያ ይህን የሩቅ ጅረት እንደ ጥላ ይከታተለዋል፤ መርፌው ከረፋድ እስከ ቀትር ከፍ ይላል፣ ወደ ማታ ዝቅ ይላል። በዓለም ላይ እንዲህ ባለ መስመር ላይ የቆሙ ጣቢያዎች ጥቂቶች ስለ ነበሩ የአዲስ አበባው መዝገብ በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ተፈላጊ ሆነ። ኦብዘርቫቶሪው የራሱን መጽሔት ያሳትም ነበር። ቀስ በቀስም ዋና ሥራው ወደ ምድር መንቀጥቀጥ አዘነበለ፤ ጉዌን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የምድር መንቀጥቀጥ ታሪክ የያዘውን መጽሐፋቸውን እ.ኤ.አ. በ1979 አወጡ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለትምህርት ዕቅድ አውጪ ጎልቶ መታየት የሚገባው አንድ ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲው 100 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ አየ፤ ከምድር ቅርፊትም በታች አየ። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ደመና የሚቋጠርበትና ዝናብ የሚወርድበት፣ ከምድር በላይ ከ15 ኪሎ ሜትር ብዙም የማያልፈው የአየር ክፍል ግን በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የራሱ ትምህርት ክፍል አልነበረውም። እርሱ ለአውሮፕላን ማረፊያው ተትቶ ነበር። በሳይንስ ፋኩልቲ ፊዚክስ ያጠና ተማሪ ስለ አየር ግፊትና ስለ እርጥበት ሕግጋት ይማራል፤ እነዚህ ሕግጋት በወሎ ሰማይ ላይ በሐምሌ ወር ምን እንደሚያደርጉ የሚጠይቅ ኮርስ ግን እንደ ሙያ ተደራጅቶ አልቀረበለትም።

ክፍተቱን በከፊል የሸፈነው የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል ነበር፤ ይህም ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። ዳንኤል ጋማቹ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ኢትዮጵያ የአየር ንብረትና የውሃ ሒሳብ ያሳተሙት ጥናት ከሰማይ የሚወርደውን ውሃ ብቻ ሳይሆን ከአፈርና ከቅጠል ተንኖ የሚመለሰውንም በመቁጠር የትኛው አውራጃ በየትኛው ወር ትርፍ ወይም ጉድለት እንዳለው አመለከተ። ለእርሻ የሚጠቅመው ሒሳብ ይህ ነው፤ 800 ሚሊ ሜትር ዝናብ በደጋ ጥጋብ ሲሆን በቆላ ችግር ሊሆን ይችላል። መስፍን ወልደ ማርያም ደግሞ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ይዘው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት መጽሐፍ፣ ዝናብ መቅረቱ ብቻውን ረኀብን እንደማያመጣና ገበሬውን ያለ መከታ ያስቀረው ሥርዐት አብሮ መጠየቅ እንዳለበት ተከራከሩ። የአየር ጠባይ ሳይንስን የሚያስተምር መምህር ይህን ክርክር ከደመናው ካርታ ጋር አብሮ ቢያቀርበው ተማሪው ሳይንሱን ከሚገባው በላይም ከሚገባው በታችም አይገምተውም።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰው ረኀብ የጠየቀው ይህንኑ ነበር። በብዙ ጣቢያዎች የዝናብ መጠን ተመዝግቦ ነበር፤ መዝገብ ግን በራሱ አይናገርም። ቁጥሮቹን ከቀደሙት ዓመታት ጋር አስተያይቶ ጉድለቱን በወቅቱ ለእርሻ ሚኒስቴርና ለአስተዳደር የሚያስረዳ የሠለጠነ ሰው ያስፈልግ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የአየር ጠባይ አገልግሎት ከሲቪል አቪዬሽን ወጥቶ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት እንዲሆን የታሰበው። ብሔራዊ የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ድርጅት በዐዋጅ ቁጥር 201 በታኅሣሥ 22 ቀን 1973 ዓ.ም. ተቋቋመ። አራት ዓመት ሳይሞላው የ1977 ዓ.ም. ታላቅ ረኀብ ደረሰ። አዲሱ ድርጅት ገና ሰው በማሠልጠንና ጣቢያ በማብዛት ላይ ነበር።

የሠለጠነው ሰው ከወዴት ይምጣ? በአገር ውስጥ የሚቲዎሮሎጂ ዲግሪ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ስላልነበረ መንገዱ ሁሉ ወደ ውጭ የሚወስድ ነበር። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጥ ነበር፤ በናይሮቢ የአካባቢው ማሠልጠኛ ማእከልና የዩኒቨርሲቲው የሚቲዎሮሎጂ ትምህርት ክፍል ለምሥራቅ አፍሪካ ተማሪዎች በር ከፍተው ነበር፤ ሶቭየት ኅብረትም በዚያ ዘመን ተማሪዎችን ተቀብላለች። ከፊዚክስ፣ ከሒሳብ ወይም ከጂኦግራፊ የተመረቀ ወጣት መጀመሪያ ይቀጠራል፣ ቀጥሎ ይላካል፣ ተመልሶም የሌኒንግራድን ወይም የናይሮቢን ማስታወሻ ከኢትዮጵያ ሰማይ ጋር ማስታረቅ የእርሱ ፋንታ ይሆናል። ስለ ሽልማት ብዙ የሚባል የለም። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1955 የመሠረተው ታላቅ ሽልማትና በ1967 ለወጣት ተመራማሪዎች ያቆመው ሽልማት በሙያው ውስጥ የተከበሩ ናቸው፤ ለኢትዮጵያዊው ወጣት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሽልማት ያው የነፃ ትምህርት ዕድሉ ነበር። ዕድሉም የሚገኘው በመሥሪያ ቤት በኩል ስለ ነበር ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ያለ ጎበዝ ተማሪ ስለ መኖሩ እንኳ ላይሰማ ይችላል።

የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ በ1979 ዓ.ም. ታየ። ድርጅቱ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የታየውን የኤል ኒኞ ምልክት አይቶ የዚያ ዓመት ክረምት ሊያንስ እንደሚችል አስቀድሞ አስታወቀ፤ ክረምቱም አነሰ። ከዚያ ዓመት ወዲህ የወቅት ትንበያ መደበኛ ሥራ ሆነ። ዘዴው በመጀመሪያ እጅግ ቀላል ነበር። ተንባዩ የውቅያኖሱን ሙቀትና የነፋሱን ሁኔታ አይቶ ከቀደሙት ዓመታት ውስጥ የዘንድሮን የሚመስለውን ይፈልጋል፤ ያ ዓመት እንዴት እንደ ነበረም ከመዝገብ ያነባል። ስለዚህ የመዝገቡ ርዝመት የተንባዩ ዕውቀት ወሰን ሆነ፤ ሠላሳ ዓመት ብቻ ባለበት ሥፍራ ሠላሳ ምሳሌ ብቻ አለ። በዚያ ጊዜ በድርጅቱ ኃላፊነት ላይ የነበሩት ወርቅነህ ደገፉ እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ ድርቁ የአየር ጠባይ ገጽታ የጻፉት ጥናት በውጭ አገር በታተመ የአፍሪካ ድርቅና ረኀብ መድበል ውስጥ ወጥቷል፤ በተከታዩ ዓመት ተስፋዬ ኃይሌ ስለ ኢትዮጵያ ድርቅ መንሥኤና ጠባይ በአገር ውስጥ የግብርና ሳይንስ መጽሔት ጽፈዋል። እነዚህ ጽሑፎች የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሥራዎች ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ሊሠራው የሚገባውን ምርምር መሥሪያ ቤት ሠርቶታል።

ተንባዮቹ የራሳቸውን ሥራ ለመመርመር አለማፈራቸውም መነገር አለበት። የድርጅቱ ባለሙያ የነበሩት ድሪባ ቆሪቻ እ.ኤ.አ. በ2007 ከአንቶኒ ባርንስተን ጋር የክረምት ዝናብ ምን ያህል አስቀድሞ ሊታወቅ እንደሚችል አጥንተዋል፤ በ2013 ደግሞ ከአስጌር ሶርቴበርግ ጋር ድርጅቱ ያወጣቸውን የወቅት ትንበያዎች ከእውነተኛው ዝናብ ጋር አስተያይተው ትክክለኛነታቸው መጠነኛ መሆኑን፣ ተንባዮችም «መደበኛ ይሆናል» ወደሚለው መካከለኛ ቃል የማዘንበል ልማድ እንዳላቸው አሳይተዋል። ይህ ልማድ ለማንም መምህር እንግዳ አይደለም። ፈተና አራሚ ሲጠራጠር መካከለኛውን ነጥብ ይሰጣል።

ራሱን የቻለ የሚቲዎሮሎጂ ትምህርት ክፍል በአገር ውስጥ የተገኘው ዘግይቶ ነው፤ የተገኘውም በዋና ከተማው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው የአርባ ምንጭ ተቋም በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሚቲዎሮሎጂን በመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ያዘ። ከውሃ ምሕንድስና ጎን መወለዱ ትርጉም አለው። አቪዬሽን የወለደው ሙያ ውሃ ባሳደገው ቤት ውስጥ ትምህርት ሆነ፤ የወንዝ ሙላትን የሚሰላው ተማሪና ዝናብን የሚሰላው ተማሪ በአንድ ግቢ ተገናኙ። ሐረማያ በበኩሉ የግብርና ሚቲዎሮሎጂን በከፍተኛ ዲግሪ ደረጃ አስተምሯል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል የአየር ፊዚክስ ምርምር በግዛው መንግሥቱ መሪነት ተደራጅቶ፣ ከጀርመኑ የካርልስሩኸ ተቋም ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2009 በከተማይቱ አንድ የፀሐይ ብርሃን መተንተኛ መሣሪያ ተተከለ። መሣሪያው የፀሐይን ብርሃን በየሞገዱ እየለየ ብርሃኑ ያለፈበት አየር ምን ያህል ኦዞንና የውሃ ተን እንደ ያዘ ያሳያል። ለዶክትሬት ተማሪዎች የጥናት ምንጭ ሆኗል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም፣ በባይሌ ዳምጤ ጥረት፣ ላይኛውን አየር የሚያጠና ዋሸራ የተባለ ላቦራቶሪ ተቋቁሟል። ስሙ በጎጃም የታወቀው የቅኔ ቤት ስም ነው። ፒየር ጉዌን በመግነጢስ መርፌ የተከታተሉትን የላይኛውን አየር ጠባይ የአባይ ዳር ተማሪዎች ዛሬ በሬዲዮ ሞገድ ይከታተሉታል።

በውጭ አገር ያሉት ኢትዮጵያውያንም ከዚህ ታሪክ ተለይተው አይታዩም። ዘውዱ ሰገሌ እ.ኤ.አ. በ2005 ከፒተር ላምብ ጋር የክረምትን መግቢያና መውጫ በዕለታዊ ልኬት ያጠኑት ጽሑፍ በሰፊው ይጠቀሳል፤ አደመ መኮንን በሰሜን ካሮላይና ሆነው ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተነሥተው ወደ ምዕራብ የሚጓዙትን የአየር ማዕበሎች መርምረዋል። ለአገሪቱ በቀጥታ የተመለሰው ግን የቱፋ ዲንቁ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ያገለገሉት እኚህ ሰው በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሆነው የጣቢያዎችን ልኬት ከሳተላይት ግምት ጋር የሚያዋህድ ዘዴ መርተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጣቢያዎቹ በአብዛኛው በመንገድ ዳርና በከተማ ተተክለዋል፤ ቆላው ባዶ ነው፤ በጦርነቱ ዓመታት ደግሞ ብዙዎቹ መዝገቦች ተቋርጠዋል። ሳተላይት ሁሉን ሥፍራ ያያል፣ ግን ይሳሳታል፤ ጣቢያ ትክክል ይለካል፣ ግን አንድ ነጥብ ብቻ ያያል። ሁለቱ ሲዋሐዱ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው ዝናብ በየዐሥር ቀኑ ለመላው አገር ተዘጋጀ። ዘዴው ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተዛምቷል።

ለመምህራን የቀረው ጉዳይ ትንሽ የሚመስል ነገር ግን ሥር የሰደደ ነው። ተማሪ በቤቱና በትምህርት ቤት የሚማረው የወቅት ክፍል አራት ነው፤ መፀው፣ በጋ፣ ፀደይና ክረምት፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ወር። ይህ ክፍል ከቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር የመጣ ሲሆን ክረምትን ከሰኔ 26 ይጀምራል። የሚቲዎሮሎጂ ክፍል ግን ሦስት ነው፤ በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም፣ እያንዳንዳቸው አራት ወር። በሬዲዮ «የበልግ ትንበያ» ሲባል የሚሰማ ተማሪ ያንን በመማሪያው ካለው ፀደይ ጋር ሊያስተያይ ሲሞክር ወራቱ አይገጥሙለትም። አንደኛው የሊቃውንት ባህል ነው፣ ሁለተኛው ከዝናብ መዝገብ የወጣ ነው፤ ሁለቱም ቦታ አላቸው፣ ልዩነታቸው ግን መነገር አለበት። በተጨማሪም ክረምት ለመላው አገር አንድ አይደለም። በደጋው ክረምት ከዓመቱ ዝናብ ከግማሽ እስከ አራት አምስተኛ ያህሉን ይሰጣል፤ በቦረናና በኦጋዴን ግን ዋናው ዝናብ በልግ ሲሆን ሁለተኛው በጥቅምትና በኅዳር ይመጣል። የወሎን ክረምት የሚያሳንሰው ኤል ኒኞ የደቡብ ምሥራቁን የመከር ዝናብ ያበዛል። «ቡሄ ካለፈ» የሚለው አባባል ለደጋው ሰው የተነገረ እንጂ ለያቤሎ ልጅ አይደለም።

አራተኛ ደረጃ የሚባሉት ጣቢያዎች የሚለኩት ዝናብን ብቻ ነው። መሣሪያው አንድ ጣሳና አንድ የተሰመረ ብርጭቆ ነው፤ ልኬቱ በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይወሰዳል፤ በብርጭቆው ላይ አንድ ሚሊ ሜትር የታየ እንደ ሆነ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወርዷል ማለት ነው። ዝናብ ባልጣለበት ቀን ዜሮ ይጻፋል እንጂ መዝገቡ ባዶ አይተውም፤ ባዶ መስመር ዝናብ አልነበረም ማለት ይሁን መዝጋቢ አልነበረም ማለት ይሁን ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚያነበው ተማሪ ሊለየው አይችልም። በትምህርት ቤት ግቢ የተተከለ መለኪያ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው በክረምት ነው፤ ዝናቡ የሚበረታበት ወቅትና ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወቅት አንድ ነውና።